ከሴስና ወደ ጄት፦ በቀሩኝ ሳምንታት ምን ላጥና?

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ቨርጂኒያ የምኖር የበረራ አስተማሪ ነኝ። አብዛኛውን ባለ አንድ ሞተር በሆነችው ትንሽ አውሮፕላን በሴስና 172 እያስተማርኩ 1,500 የበረራ ሰዓት ሞልቼ፣ ኤምብራየር 175 የተባለውን ጄት የሚያበር አንድ የክልል አየር መንገድ በረዳት አብራሪነት ተቀብሎኛል። ትምህርቱ ሊጀመር ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ጄት አብርሬ ስለማላውቅ ጊዜውን በቤት ኮምፒውተር የበረራ ጨዋታ ለመለማመድ አስቤአለሁ፤ ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ጥቂት ይጠቅምዎታል፤ ነገር ግን እኔ ብሆን ጊዜዬን ለሱ አልሰጥም። በዚህ ሥልጠና የሚቸገሩት ብዙዎቹ ማብረር አቅቷቸው ሳይሆን፣ ቀጥሎ የሚነካውን ማብሪያና የሚባለውን ቃል ሲፈልጉ አውሮፕላኑ ቀድሟቸው ስለሚሄድ ነው። ስለዚህ የኮክፒቱን (የአብራሪዎቹን ክፍል) ሥዕል በትክክለኛው መጠን አሳትመው ግድግዳ ላይ ይለጥፉና፣ ከወንበር ላይ ሆነው እጅዎ በቅደም ተከተል የሚሄድበትን መንገድ ድምፅ እያሰሙ ይለማመዱ። ቼክሊስት (የማረጋገጫ ዝርዝር) የሚነበበው እጅ የሠራውን ለማረጋገጥ እንጂ ሥራውን ለማስታወስ አይደለም። ይህን ሁሉ ግን አየር መንገዱ ራሱ ከሚልክልዎ መመሪያ ብቻ ያጥኑ፤ ከሌላ ኩባንያ ጓደኛ የተዋሱትን ልማድ ማስረሳት አዲስ ከመማር ይከብዳል።

በሲሙሌተር (የአውሮፕላኑን ኮክፒትና በረራ በሚያስመስለው ማሠልጠኛ) ብዙ የሚደጋገመው፣ ቪ-ዋን ከተባለው፣ ማለትም ካለፈ ወዲያ መነሣቱን ማቋረጥ ከማይቻልበት ፍጥነት በኋላ አንድ ሞተር ሲጠፋ የሚደረገው ነው። ያን ጊዜ መነሣቱ ይቀጥላል፤ አፍንጫው ወደጠፋው ሞተር ስለሚዞር በእግር መሪው ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ከዚያም መመሪያው እስከሚፈቅደው ከፍታ ድረስ ማብሪያ ለመንካት አለመቸኮል ያስፈልጋል። የቸኮለ እጅ ደኅናውን ሞተር ሊያጠፋ ይችላል።

ስቶልንም፣ ማለትም ክንፉ አውሮፕላኑን የመሸከም ኃይሉን የሚያጣበትን ሁኔታ፣ አቅልለው አይዩት። ለአየር መንገድ አብራሪነት 1,500 ሰዓት የሚጠይቀው ደንብ ራሱ የመጣው፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 ወደ ቡፋሎ ሲያቀና የወደቀው የኮልጋን አየር መንገድ በረራ 3407 ካስከተለው ቁጣ ነው። ካፒቴኑ መሪው ስቶል መቃረቡን ለማስጠንቀቅ ሲንቀጠቀጥ፣ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ዝቅ በማድረግ ፈንታ መሪውን ወደ ራሱ ሳበ፤ በአውሮፕላኑ የነበሩት 49 ሰዎችና በምድር አንድ ሰው ሞቱ። ለአየር መንገድ አብራሪነት የጽሑፍ ፈተና ከመቀመጥዎ በፊት የሚወስዱት፣ 30 ሰዓት የክፍልና 10 ሰዓት የሲሙሌተር ትምህርት ያለው ኮርስም ከዚያው የተወለደ ስለሆነ፣ እንደ ፎርማሊቲ አይዩት።

አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ ሰዎች ለብቻው መነገር አለበት። ታላቅን ማረም እንደ ነውር ተቆጥሮ ያደግን ነን፤ በኮክፒት ግን የካፒቴኑን ስሕተት አይቶ ዝም ያለ ረዳት ሥራውን አልሠራም። ከሥልጠና ጓደኛዎ ጋር ሲለማመዱ፣ ፍጥነቱ ሲዛባ «ፍጥነት» ብሎ ጮክ ማለትን ከአሁኑ ይልመዱ።

በዋሽንግተን አካባቢ ሠርግ ወይም ልቅሶ የሌለበት ቅዳሜ ስለማይገኝ፣ እስከ ፈተናው ድረስ እንደማይገኙ ለዘመድ ከወዲሁ ያሳውቁ። ካለፉም በኋላ ከአሠልጣኝ ካፒቴን ጋር በመደበኛው 25 ሰዓት ያህል በመስመር ላይ ይበራሉ፤ እውነተኛውን ጄት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያበሩት አብዛኛውን ጊዜ ያን ቀን፣ ከኋላዎ ተሳፋሪዎች ተቀምጠው ነው።