ችግር በቅቤ ያስበላል፣ ፍሬን ላይ ግን አይሠራም

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። አዳማ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው የምሠራው። ዕቃ የለም ባልን ቁጥር አለቃችን «ችግር በቅቤ ያስበላል» ይልና ያቺን የፈረደባትን የአፖሎ 13 ታሪክ ያመጣል። «ሰዎቹ ከጨረቃ መንገድ በፕላስተር ተመልሰዋል፣ እናንተ አንድ ሆዝ ያቅታችኋል?» ይለናል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የሚያፈስ የፍሬን ቱቦ ይዞ የመጣ ደንበኛ ነበር፣ «እንደምንም አድርጋችሁ ሸኙት» አለን። እምቢ አልኩ፣ ተጣላን። ለመሆኑ የፕላስተሩ ነገር እውነት ነው ወይስ ሙድ እየያዘብን ነው?
የጋራዡ ልጅ

መልስ፦ እውነት ነው ወንድሜ። ችግሩ አለቃህ ታሪኩን ከመሃል መጀመሩ ነው።

በፈረንጆቹ 1970፣ በእኛ 1962 ሚያዝያ ላይ ነው። ጂም ላቭል፣ ጃክ ስዋይገርትና ፍሬድ ሄይዝ ወደ ጨረቃ እየሄዱ ነበር። ከምድር ከ320,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ሳለ አንዱ የኦክስጅን ታንክ ፈነዳ። ዋናዋ መንኩራኩር መብራቷም አየሯም እየከዳት ሲሄድ ሦስቱም ጨረቃ ላይ ልታርፍ ወደተሠራችው ትንሿ መንኩራኩር ገብተው ተጠለሉ። ትንሿ የተሠራችው ለሁለት ሰው፣ ለሁለት ቀን ነው። አሁን ሦስት ሰው አራት ቀን ለሚጠጋ ጊዜ ልትይዝ ነው።

ኦክስጅን አልጠፋም። ያስጨነቀው ተንፍሰው የሚያወጡት ነው። ከአንድ ቀን ተኩል በኋላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዛ የሚለው የማስጠንቀቂያ መብራት ቦግ አለ። ይሄን ጋዝ የሚውጠው ሊቲየም ሃይድሮክሳይድ የተሞላ ማጣሪያ ነው። የትንሿ ማጣሪያዎች ሊያልቁ ነው፣ ዋናዋ ውስጥ ግን ሞልቷል። ታዲያ አምጥቶ መግጠም ነዋ! አይሆንም። የትንሿ ክብ ነው፣ የዋናዋ አራት ማዕዘን። የአይሱዙን ማጣሪያ ቪትዝ ላይ ልግጠም እንደማለት ነው።

እዚህ ጋ ምድር ላይ፣ አሜሪካ ሂውስተን ባለው የጠፈር ማዕከል የነበረው፣ በኤድ ስማይሊ የሚመራው ቡድን ጥያቄውን አሳነሰው። ሦስት ሰው እንዴት ይድናል የሚለውን ለሌሎች ትተው፣ ይቺን ሳጥን ከዚያ ቱቦ ጋር በምን እናገናኛት ወደሚለው ወረዱ። የሚፈቀደው መንኩራኩሯ ውስጥ ያለ ዕቃ ብቻ ነው። ፕላስቲክ ከረጢት፣ ካርቶን፣ የጠፈር ልብስ ቱቦ፣ ፕላስተር።

አሠራሩን ልንገርህ፣ አንተ ይጥምሃል። ማጣሪያውን በከረጢት አለበሱት፣ ዙሪያውን በፕላስተር አሸጉት። የልብሱን ቱቦ ጫፍ ከረጢቱ ውስጥ ከተው እሱንም አሸጉ። የትንሿ ማራገቢያ በቱቦው ሲስብ አየሩ በማጣሪያው አልፎ ይመጣል ማለት ነው። ግን ሲሳብ ከረጢቱ ተጣብቆ መንገዱን ይዘጋል፣ ያረጀ ሆዝ እንደሚጠፈጠፈው። ስለዚህ ካርቶኑን ጎበጥ አድርገው ከረጢቱ ሥር እንደ ድንኳን ምሰሶ አቆሙት። አየር ሳይጣራ የሚሾልክበት ቀዳዳም ነበር፣ እሱን በጨርቅ ወተፉት። ሥዕል መላክ የለም፣ ሁሉም በሬዲዮ በቃል እየተነገራቸው ነው የሠሩት፣ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ከዚያ ጌጁ ወረደ። ሚያዝያ 9 ሦስቱም ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ በሰላም አረፉ።

እዚህ ድረስ አለቃህ ልክ ነው። አሁን እሱ የዘለላትን መጀመሪያ ስማ። ታንኩ ለምን ፈነዳ?

ያ ታንክ ከመነሳቱ ዓመት ተኩል ያህል ቀደም ብሎ ፋብሪካ ውስጥ ወድቆ ነበር፣ 5 ሴንቲ ሜትር ብትሆን ነው፣ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠራትም። ጉዞው ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ሞልተው ሞከሩት፣ ከዚያ ሊያጎድሉት ሲሉ ኦክስጅኑ አልወጣ አለ። መቀየር ጊዜ ይፈጃል። አንድ ዘዴ መጣላቸው፤ የታንኩን የውስጥ ማሞቂያ ለኩሰን እናትነው! ስምንት ሰዓት ያህል ለኮሱት፣ ባዶ ሆነ፣ ሁሉም ደስ አለው። ማሞቂያውን የሚያጠፋው ቴርሞስታት ግን የተሠራው ለ28 ቮልት ነው፣ ከምድር የተላከለት 65 ቮልት። ሊያጠፋ ሲል ተበየደና እዚያው ቀረ። ጌጁ ደግሞ ከ30 ዲግሪ በላይ አያነብም፣ ውስጡ እንደ ምድጃ ሲግል ውጭ ያለው ሰው ምንም አላየም። የሽቦዎቹ ልባስ ተቃጠለ። በዚያ ሁኔታ ነው ወደ ሰማይ የሄደው።

አየህ፣ ለአደጋው የዳረጋቸውም «እንደምንም አድርጉት» ነው። ከጨረቃ መንገድ ላይ መመለሻ ሲጠፋ በፕላስተር ታስራለህ፣ ምርጫ የለም። ምድር ላይ ቆመህ፣ ታንኩ ገና አጠገብህ ሳለ ግን ሌላ ነው።

ደግሞ ፕላስተሩ የያዘው የማራገቢያ ስበት ነው፣ ለስላሳ። ፍሬን ስትረግጥ ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከጎማ ንፋስ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው፣ የትኛውም ፕላስተር አይችለውም። እምቢ ማለትህ ልክ ነበር። መኪናው መንገድ ላይ ቢበላሽ ኖሮ በተጎታች ወደ ጋራዥ ማድረስ ነው እንጂ አስሮ መንዳት አይታሰብም። ለአለቃህ በቁጣ አትንገረው፣ ጌጁን ታሪክ ብቻ ንገረው።

ጥያቄ፦ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን የሠሩት ሚስዮናውያን መድፍ መሥራት ጨርሶ አያውቁም ነበር የሚባለው ልክ ነው?
አንባቢያችሁ ከደብረ ታቦር

መልስ፦ ልክ ነው። ስዊዘርላንድ፣ ባዝል አጠገብ ካለው ቅዱስ ክሪሾና ከተባለ የሚስዮን ትምህርት ቤት ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች ናቸው። አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሥሩልኝ ሲሏቸው አንችልም አሉ። ንጉሡም አሽከሮቻቸውን አሰሩባቸው፣ እንሞክራለን እስኪሉ ድረስ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ደግማችሁ ሞክሩ ተባሉ፣ ሞከሩ። በመጨረሻ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን መድፍ ወጣ። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ መንገድ እየተጠረገለት ወራት ተጎተተ። ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ ነው፣ አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ የምታዩት ምስሉ ነው።

የጋራዡ ልጅ፣ ይቺን ሁለተኛዋን ለአለቃህ እንዳታስነብበው።