ልጃቸው ኮሌጅ ለሚያመለክት ወላጆች፦ ጥያቄና መልስ

በአሜሪካ የኮሌጅ ማመልከቻ ወቅት ሲቃረብ ከሚጽፉልኝ ወላጆች ብዙዎቹ ራሳቸው በሌላ አገር ተምረው፣ አንድ ብሔራዊ ፈተና ተፈትነው፣ በውጤታቸው የተመደቡ ናቸው። የዚህ አገር አሠራር ግን አንድ ወጥ ፈተናም ሆነ አንድ መዳቢ አካል የለውም፤ እያንዳንዱ ኮሌጅ የራሱን መስፈርት ያወጣል፣ ቀነ ገደቡንና ገንዘቡን የመከታተሉ ኃላፊነትም በቤተሰቡ ላይ ይወድቃል። ከጥያቄዎቹ ውስጥ ደጋግመው የመጡትን አሳጥሬ ከዚህ በታች አቅርቤአለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ 11ኛ ክፍል ናት። ጓደኞቿ «ፈተና ቀርቷል፤ ኤስኤቲ መውሰድ አያስፈልግም» ይሏታል። የእህቴ ልጅ ግን ያለ ፈተና ውጤት ማመልከቻ የማይቀበል ኮሌጅ ገጥሟታል። ማንን እንመን? የሚፈተኑ ከሆነስ ኤስኤቲ ይሻላል ወይስ ኤሲቲ?

መልስ፦ ኤስኤቲና ኤሲቲ ኮሌጆች አመልካቾችን ለመመዘን የሚጠቀሙባቸው ሁለት የተለያዩ ፈተናዎች ናቸው። በጥያቄዎ ላይ ሁለቱም ወገኖች እውነት ነው የተናገሩት። በኮቪድ ወቅት እጅግ ብዙ ኮሌጆች የፈተና ውጤት ማስገባትን ለአመልካቹ ፈቃድ ትተውት ነበር፤ በርካቶቹ ዛሬም በዚያው ቀጥለዋል። ይሁን እንጂ ኤምአይቲ እ.ኤ.አ. በ2022 ግዴታውን መልሷል፤ በ2024 ደግሞ ዳርትመዝ፣ ብራውን፣ ሃርቫርድና ካልቴክ ይህንኑ ውሳኔ አሳልፈዋል። በሌላው ጫፍ በርክሌይንና ዩሲኤልኤን የሚያጠቃልለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ውጤቱ ቢላክለት እንኳ ለቅበላ ውሳኔ አይመለከተውም። ስለዚህ ልጅዎ ልታመለክትባቸው ያሰበቻቸውን ኮሌጆች ስም ጽፋ የእያንዳንዳቸውን የቅበላ ገጽ ራሷ ብታነብ ይሻላል። መመሪያው ከዓመት ዓመት ስለሚቀያየር ከሁለት ዓመት በፊት የገባ ዘመድ ተሞክሮ፣ በቅን ልቦና ቢነገርም፣ ሊያሳስት ይችላል።

ውጤት ማስገባት በፈቃድ በሆነበት ኮሌጅ ደግሞ ከዚያ ኮሌጅ አዲስ ገቢዎች የመካከለኞቹ 50 በመቶ ውጤት በየት በየት መካከል እንደሚገኝ ይፈልጉ፤ አብዛኞቹ ኮሌጆች ያትሙታል። የልጅዎ ውጤት በዚያ ክልል ውስጥ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ብትልከው ይጠቅማታል፤ በብዙ ዝቅ ካለ ባትልከው ይመረጣል።

ወደ ሁለቱ ፈተናዎች ስንመጣ፣ ኤስኤቲ በአሜሪካ ከ2024 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ በኮምፒዩተር የሚሰጥ ሲሆን 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ይፈጃል። 54 የንባብና የጽሑፍ፣ 44 የሒሳብ ጥያቄዎች አሉት፤ ውጤቱም ከ400 እስከ 1600 ይደርሳል። እያንዳንዱ ክፍል ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ተማሪው በመጀመሪያው ግማሽ ባስመዘገበው ውጤት መሠረት ሁለተኛው ግማሽ ይከብዳል ወይም ይቀላል። ኤሲቲ ከ1 እስከ 36 ይታረማል፤ ከ2025 ወዲህ አጥሯል፣ የሳይንስ ክፍሉም በምርጫ ሆኗል። በሁለቱም ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ ባዶ ትቶ መውጣት ምንም ትርፍ የለውም። ኮሌጆች ሁለቱን እኩል ስለሚቀበሉ «የትኛው ይሻላል» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው ከልጅቱ ዘንድ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልኳን ሌላ ክፍል አስቀምጣ፣ ሰዓት ተይዞላት፣ የአንዱን የመለማመጃ ፈተና ሙሉውን ትሥራ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ የሌላውን። ከዚያ በኋላ አንዱን ይዛ ሌላውን ትተው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማጥናት ድካም ብቻ ነው።

ስለ ውድ የማጠናከሪያ ትምህርት የጠየቃችሁኝም አላችሁ። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ኤስኤቲ በሚሰጥበት ብሉቡክ በተባለው መተግበሪያ ላይ ያሉትን ነፃ የመለማመጃ ፈተናዎችና የካን አካዳሚን ነፃ ትምህርት ተጠቀሙ። ውጤትን ከፍ የሚያደርገው የፈተናው ብዛት ሳይሆን ስሕተትን መመርመር ነው፦ ተማሪዋ በአንድ ደብተር ላይ የተሳሳተችውን ጥያቄ ትጽፋለች፣ ከጎኑ ምክንያቱን፣ ማለትም ትምህርቱን ስላላወቀችው፣ ጥያቄውን በጥድፊያ ስላነበበችው ወይስ ሰዓት ስላለቀባት እንደሆነ ታሰፍራለች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብተሩ ራሱ ምን ማጥናት እንዳለባት ይነግራታል። የመጀመሪያውን ፈተና በ11ኛ ክፍል ማርች ወይም ሜይ፣ አስፈላጊ ከሆነ ሁለተኛውን 12ኛ ክፍል ስትጀምር በኦገስት ወይም በኦክቶበር ብትወስድ በቂ ነው። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ቤተሰቦች ልጆች ኤስኤቲን ሁለት ጊዜ በነፃ መውሰድ ስለሚችሉ ካውንስለሯን፣ ማለትም የትምህርት ቤቷን አማካሪ፣ ትጠይቅ።

ጥያቄ፦ ልጄ ለማመልከቻው የጻፈውን ድርሰት አይቼ አዘንኩ፤ ስለ ቤታችን በር ነው የጻፈው። እኔ ያሳለፍነውን ችግርና ለትምህርት ያለውን ፍቅር ጨምሬ አስተካከልኩለት። አሁን ተቀይሞኛል። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ ሁለቱንም ጽሑፎች ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። የልጅዎ መክፈቻ «እናቴ ከሌሊት ሥራ ስትመለስ ጫማዋን የምታወልቀው እኔ ጫማዬን በማስርበት ሰዓት ነው፤ የምንገናኘው እዚያ በር ላይ ነው» ይላል። የእርስዎ ደግሞ «ወላጆቼ በከፈሉት ከፍተኛ መሥዋዕትነት የትምህርትን ጥቅም ተረድቻለሁ» ይላል። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር አንባቢው በዚያው ሳምንት በብዙ ማመልከቻዎች ላይ አንብቦታል፤ የመጀመሪያውን ሊጽፈው የሚችል ግን የእርስዎ ልጅ ብቻ ነው። የመሥዋዕትነቱም ነገር፣ ልብ ብለው ካነበቡት፣ በልጁ ጽሑፍ ውስጥ አለ።

ኮመን አፕ በተባለው የጋራ ማመልከቻ ላይ የሚቀርበው ዋናው ድርሰት ከ650 ቃላት መብለጥ አይችልም። በዚያች ቦታ የቤተሰብን ታሪክ በሙሉ ለማስገባት መሞከር ልጁን ከገዛ ድርሰቱ ያስወጣዋል። በተጨማሪም አመልካቹ የቀረበው ሁሉ የራሱ ሥራ መሆኑን በፊርማው ስለሚያረጋግጥ የሌላ ሰው እጅ ሲበዛበት ጉዳዩ ከጣዕም አልፎ የሐቀኝነት ይሆናል። የእርስዎ ድርሻ አንብቦ «እዚህ ጋ አልገባኝም»፣ «ይህን ስታይ ምን ተሰማህ?» ብሎ መጠየቅና የፊደል ግድፈት ካለ ማመልከት ነው። ዋናውን ጽሑፍ ይመልሱለት፤ ቅያሜውም አብሮ ይመለሳል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ልጃችን የተመኘው ኮሌጅ በዓመት ከ80,000 ዶላር በላይ እንደሚጠይቅ አንብበን ተስፋ ቆረጥን። ሁላችንም ግሪን ካርድ አለን። አንድ ወዳጃችን ፋፍሳ ሙሉ ሲለን፣ ሌላው ደግሞ «ገቢያችሁን አትንገሩ» ይለናል።

መልስ፦ በድረ ገጹ ላይ የተጻፈው ዋጋና ከአንድ ቤተሰብ ኪስ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። የፌዴራል የተማሪ ድጋፍ የሚቀበሉ ኮሌጆች የተጣራ ወጪ ማስሊያ በድረ ገጻቸው ላይ እንዲያኖሩ ከ2011 ጀምሮ በሕግ ይገደዳሉ። ገቢያችሁንና የቤተሰባችሁን ብዛት ስታስገቡ ለእናንተ የሚሆነውን ግምት ይሰጣችኋል። ልጁ ከማመልከቱ በፊት፣ በእያንዳንዱ ኮሌጅ፣ ይህንን መሥራት ግድ ነው። ሀብታም የሆኑ የግል ኮሌጆች ለዝቅተኛና ለመካከለኛ ገቢ ቤተሰብ ከክፍለ ግዛቱ ዩኒቨርሲቲ በታች የሚያስከፍሉበት ጊዜ አለ። ለምሳሌ ሃርቫርድ ከ2025–26 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ዓመታዊ ገቢያቸው እስከ 100,000 ዶላር ለሆነና ሌላ ትልቅ ሀብት ለሌላቸው ቤተሰቦች ልጆች መኖሪያና ምግብን ጨምሮ ወጪውን ይሸፍናል። መግባቱ ሌላ ፈተና መሆኑ አይካድም፤ በዋጋው ፈርቶ ሳያመለክቱ መቅረት ግን አያስፈልግም።

ፋፍሳ የፌዴራል የተማሪ ድጋፍ ማመልከቻ ሲሆን መሙላቱ ነፃ ነው፤ ለመሙላት ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ሰው አትቀበሉት። ግሪን ካርድ ያለው ተማሪ ለድጋፉ ብቁ ነው። ገቢን ስለ መናገር የተነሳው ሥጋት ደግሞ መሠረት የለውም፤ ቅጹ ገቢያችሁን የሚወስደው ታክስ ካስገባችሁበት መሥሪያ ቤት በቀጥታ ነው፤ ያ መሥሪያ ቤት ደግሞ ቀድሞውኑ ያውቀዋል። እንዲያውም መረጃው እንዲተላለፍ ወላጅ ካልፈቀደ ልጁ የፌዴራል ድጋፍ አያገኝም። ልጁና ወላጁ እያንዳንዳቸው የራሳቸው አካውንት ያስፈልጋቸዋል፤ ታክስ በጋራ የምታስገቡ ባልና ሚስት ከሆናችሁ የአንዳችሁ ይበቃል። ቅጹ የሚመለከተው የሁለት ዓመት በፊቱን ገቢ ነው፦ በ2027 መጸው ለሚገባ ተማሪ የ2025 ታክስ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራ ያጣችሁ ወይም ገቢያችሁ የወደቀ ከሆነ ማስረጃ አያይዛችሁ ለኮሌጁ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ማመልከት ትችላላችሁ። ቅጹ በመደበኛው አሠራር ከኦክቶበር 1 ሳይዘገይ መሞላት ይጀምራል፤ አንዳንድ ድጋፎች ቀድሞ ለመጣ ስለሚሰጡ አታዘግዩት። ብዙ የግል ኮሌጆች በተጨማሪ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል ረዘም ያለ ቅጽ ይጠይቃሉ፤ እሱ ፋፍሳ የማይቆጥረውን የመኖሪያ ቤታችሁን ዋጋ ሳይቀር ሊጠይቅ ይችላል።

ወላጆች በብዛት የሚሳሳቱት ግን መጨረሻ ላይ፣ የድጋፍ ደብዳቤው ሲደርስ ነው። ወጪው 60,000 ዶላር ነው እንበል፤ ደብዳቤው «ጠቅላላ ድጋፍ 40,000» ይላል። ዝርዝሩ ሲታይ 32,000ው የኮሌጁ ስጦታ፣ 5,500ው የተማሪ ብድር፣ 2,500ው ደግሞ ልጁ በግቢው ውስጥ ሠርቶ የሚያገኘው ደመወዝ ሆኖ ይገኛል። ብድር ይከፈላል፤ ደመወዙም ከተሠራ ነው። ስለዚህ የቤተሰቡ ዕዳ 20,000 ሳይሆን 28,000 ነው። ደብዳቤዎቹን የምታነጻጽሩት በስጦታው መጠን ብቻ ይሁን።

ጥያቄ፦ ካውንስለሯ ልጃችን «ኧርሊ ዲሲዥን» እንድታመለክት መክራታለች። ዕድሏን ይጨምራል ትላለች። እንፈርም?

መልስ፦ ስሙ ከ«ኧርሊ አክሽን» ጋር ስለሚመሳሰል ብዙዎች ያምታቱታል። ሁለቱም በአብዛኛው በኖቬምበር ይገባሉ፣ መልሳቸውም ቀደም ብሎ ይደርሳል። ኧርሊ አክሽን ግን አያስርም፤ ልጅቱ እስከ ሜይ 1 አማርጣ መወሰን ትችላለች። ኧርሊ ዲሲዥን ተማሪዋ፣ ወላጅና ካውንስለር የሚፈርሙበት ስምምነት ነው፦ ከተቀበሏት ሌሎቹን ማመልከቻዎች ሰርዛ ትገባለች። የተሰጠው ድጋፍ መማር የማያስችላት ከሆነ ከስምምነቱ መውጣት ይቻላል፤ የሌሎች ኮሌጆችን የድጋፍ ደብዳቤ አስቀርቦ ማወዳደር ግን አይቻልም። የወጪ ማስሊያውን ሠርታችሁ የወጣው ቁጥር ያለ ጭንቀት የምትችሉት ከሆነና ልጅቱም ከሁሉ አስበልጣ የምትፈልገው ያንን ኮሌጅ ከሆነ ፈርሙ። ከሁለቱ አንዱ ካጠራጠራችሁ አትፈርሙ። የእኔ ምክር በብዙ ቤተሰብ ላይ ወደ ሁለተኛው ያጋድላል።

ጥያቄ፦ የልጄን ማመልከቻ ሁኔታ ለማወቅ ኮሌጁ ጋ ብደውል «ለእርስዎ መናገር አንችልም» አሉኝ። ክፍያውን የምከፍለው እኔ አይደለሁም እንዴ?

መልስ፦ ነዎት፤ የመረጃው ባለቤት ግን ልጅዎ ነው። ተማሪው 18 ዓመት ሲሞላው ወይም ኮሌጅ ሲገባ በትምህርት መረጃው ላይ ያለው መብት በ1974 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት ከወላጅ ወደ እሱ ይዛወራል። ልጅዎ ከፈቀደ የስምምነት ቅጽ ሊፈርምልዎ ይችላል። የይለፍ ቃሉን ተቀብሎ በእሱ ስም መግባትና መጻጻፍ ግን ቅሬታ ሲፈጠር የሚጎዳው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ልጃችን ሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በሚባለው አነስተኛ ክፍያ ባለው የአካባቢ ኮሌጅ ተምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ይፈልጋል። እኛ ግን ለዘመድ ምን እንላለን ብለን ተጨንቀናል።

መልስ፦ ለዘመድ የሚባለውን ለእናንተ እተወዋለሁ። በሐሳቡ ላይ ግን ልጃችሁን ልትጠይቁት የሚገባ ቁም ነገር አለ፦ የሚወስዳቸው ትምህርቶች ሊዛወርበት ባሰበው ዩኒቨርሲቲ ለዚያው የትምህርት መስክ ይቆጠሩለታል ወይ? ተዛዋሪዎች በብዛት የሚጎዱት ያለፉት ትምህርት ሳይቆጠርላቸው ቀርቶ አንድ ሴሚስተር ወይም አንድ ዓመት ሲጨምሩ ነው፤ የተቆጠበው ገንዘብም በዚያው ያልቃል። እንደ ቨርጂኒያ ባሉ ክፍለ ግዛቶች ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የተወሰነ ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ላስመዘገበ ተማሪ ቅበላን የሚያረጋግጥ ስምምነት ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር አላቸው። እንዲህ ያለ ስምምነት መኖሩን ልጁ በመጀመሪያው ሴሚስተር የዝውውር አማካሪውን ጠይቆ በጽሑፍ ይያዝ። ለአዲስ ገቢ ብቻ የሚሰጡ ስኮላርሺፖች ለተዛዋሪ ላይደርሱ እንደሚችሉም ሒሳብ ውስጥ ይግባ።

ጥያቄ፦ ስለ ኮሌጅ ሳነሳ ልጄ ተነስታ ክፍሏን ትዘጋለች። ቀነ ገደቡ ደግሞ እየደረሰ ነው።

መልስ፦ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያነሱት አስበው ያውቃሉ? በመኪና፣ በራት ሰዓት፣ እንግዳ ባለበት የሚነሳ ከሆነ ልጅቱ የምትሸሸው ጉዳዩን ሳይሆን መፋጠጡን ሊሆን ይችላል። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሷ በመረጠችው ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት ይያዝለት፤ ቀነ ገደቦቹ የተጻፉበትን ወረቀት እሷ ታዘጋጅ፣ እርስዎ የገንዘብና የታክስ ሰነዶችን ይዘው ይቅረቡ። በተቀሩት ቀናት ነገሩ በቤት ውስጥ አይነሳ፤ አክስቶችና አጎቶችም ሲደውሉ እንዳይጠይቋት ቀድመው ይንገሯቸው። ይህም ተደርጎ ዝምታዋ ከቀጠለ፣ በተለይም እንቅልፏና ምግቧ ከተዛባ ወይም ከጓደኞቿ ከራቀች፣ ማመልከቻውን ለጊዜው ያቆዩትና ከትምህርት ቤቷ ካውንስለርና ከሐኪም ጋር ይነጋገሩ፤ አንድ ዓመት ዘግይቶ መግባትን ብዙ ኮሌጆች ይፈቅዳሉ።