የብራናው ፎቶ ብሎክቼን ላይ ይቀመጥ?

ጥያቄ፦ በጣና ዳር የሚገኝ የአንድ ገዳም የብራና መጻሕፍትን ፎቶ እያነሣን ነው። እስካሁን 2,000 ያህል ገጽ ደርሰናል፤ የአንዱ ገጽ ምስል 4 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ከመካከላችን አንዱ ወንድም «ሁሉንም ብሎክቼን ላይ እንጫነው፤ ማንም አይሰርዘውም» ይላል። ወጪው ምን ያህል ይሆናል? ከባሕር ዳር

መልስ፦ ብሎክቼን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በአንድነት የሚያዝ የመዝገብ ሰንሰለት ነው። ወንድማችሁ አይሰረዝም ማለቱ ልክ ነው፤ ዋጋውን ግን አላሰላውም። ከታወቁት ብሎክቼኖች አንዱ በሆነው በኢቴሪየም፣ በውል (ሰንሰለቱ ላይ በሚሠራ ፕሮግራም) ማከማቻ ውስጥ 32 ባይት አዲስ መረጃ ለመጻፍ ቢያንስ 20,000 ጋዝ፣ ማለትም የሥራ ክፍያ መለኪያ፣ ይጠየቃል። በዚህ ስሌት አንድ ሜጋባይት ከ655 ሚሊዮን ጋዝ በላይ ይፈጃል፤ የአንዱ ጋዝ ዋጋ 10 ግዌይ (ግዌይ የኢቴሪየም ገንዘብ የሆነው የኢተር ቢሊዮንኛ ክፍል ነው) ቢሆን፣ የእናንተ አንድ ገጽ ብቻ 26 ኢተር ገደማ ይወጣበታል። በ2,000 ማባዛቱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

የመወደዱ ምክንያት ቅጂው ነው። ወደ ሰንሰለቱ የገባ መረጃ በሺዎች በሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ላይ ይገለበጣል፤ አንድን ብራና ለየአጥቢያው እንደገና እንደ መጻፍ ማለት ነው። ከፋዩ አንድ ጊዜ ከፍሎ ሲሄድ የማኖሩ ሸክም ግን ኮምፒውተሮቹን በሚያንቀሳቅሱት ሰዎች ላይ ዓመት ከዓመት ስለሚቆይ፣ መግቢያው ካልተወደደ ሁሉም ጓዙን እዚያው ጥሎ ይሄዳል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. «ብሎብ» የተባለ ርካሽ ቦታ ተጨምሯል፤ የረከሰውም 18 ቀን ገደማ ቆይቶ ስለሚጣል ነውና ለገዳም መዝገብ አይሆንም።

አባቶቻችን የርስትና የጉልት ስጦታን በወርቀ ወንጌል ባዶ ቅጠሎች ላይ፣ ከምስክሮቹ ስም ጋር በአጭሩ ያሰፍሩ ነበር፤ የሰረቀውና የፋቀው እንዲወገዝም ይጻፍ ነበር። ውዱና የሚጠበቀው ቦታ ለአጭሩ ቃል ነበር። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። የእያንዳንዱን ምስል አሻራ፣ ማለትም ከፋይሉ ተሰልቶ የሚወጣ አጭር መለያ፣ በሻ-256 ስሌት አውጡ፤ ፋይሉ ምንም ያህል ቢተልቅ አሻራው 32 ባይት ነው፣ ከምስሉ አንዲት ነጥብ ብትለወጥም አሻራው ጨርሶ ሌላ ይሆናል። የ2,000ውን አሻራ ሁለት ሁለት እያጣመሩ በመርክል ዛፍ ወደ አንድ መጠቅለል ስለሚቻል፣ ሰንሰለቱ ላይ የሚሰፍረው ይኸው አንዱ ብቻ ነው፤ የግብይቱ መነሻ 21,000 ጋዝ ተጨምሮበት እንኳ ከ50,000 ብዙም አያልፍም።

አሻራው ምስሉ አለመነካቱን ይመሰክራል እንጂ የጠፋን ምስል አይመልስም። ስለዚህ ምስሎቹን ከአሻራዎቻቸው ዝርዝር ጋር በሦስት ሃርድ ዲስክ ገልብጡ፤ አንዱ በገዳሙ ዕቃ ቤት፣ አንዱ ባሕር ዳር፣ ሦስተኛው ከጣና ርቆ በሌላ ከተማ ይቀመጥ። የሐይቁ እርጥበት ለዲስክ አይበጅምና በገዳሙ ያለውን በየዓመቱ እየከፈታችሁ ከአሻራው ጋር አስተያዩት።