ውርጩ የኔን ጓሮ ለይቶ ለምን መታው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከአዲስ አበባ ለሥራ ወደ ደብረ ብርሃን ከመጣሁ ስድስት ወሬ ነው። የተከራየሁት ቤት ከበሬሳ ወንዝ ብዙም አይርቅም፣ ጓሮው ላይ ድንች ተክዬ ነበር። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ስነሳ ቅጠሉ ሁሉ የፈላ ውሃ የተደፋበት መስሎ ጠቁሯል። ዳገቱ ላይ የምትኖረው ጓደኛዬ ጓሮ ግን ምንም አልሆነም። በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው! አከራዬ እማማ ማታውን ሰማዩን አይተው «ዛሬ ውርጭ ይወርዳል፣ አልብሺው» ብለውኝ ነበር። ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበርና አላመንኳቸውም። እንዴት አወቁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ድንችሽ በጣም ያሳዝናል። እማማ ያወቁት ግን ሰማዩ ስለጠራ ነው።

ቀን ፀሐይ ያሞቀችው መሬት ማታ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል። ደመና ካለ የሙቀቱን ከፊል መልሶ ወደ መሬት ይልከዋል፣ ጋቢ ደርቦ እንደማደር ነው። ደመና ከሌለ መሬቱ ራቁቱን ያድራል። በዚያ ላይ ነፋሱ ጸጥ ካለ ከታች የቀዘቀዘውን አየር ከላይኛው ጋር የሚያማታው ነገር የለም። ከኅዳር እስከ ጥር እኛ ጋ አየሩ ደረቅ ነው፣ ሌሊቱ ጥርት ይላል፣ ከተማዋም 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ስለዚህ ኮከቡ ቁልጭ ብሎ በታየ ማታ እዚህ ያደገ ሰው ሁሉ ስለ ማሳው ያስባል።

ያንቺና የጓደኛሽ ልዩነት ደግሞ ሌላ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስሳል፣ ዝቅ ያለ ቦታ ሲያገኝም ይተኛል። ከዳገቱ የወረደው ብርድ በሙሉ ወንዙ ዳር አንቺ ጓሮ ላይ ነው ያደረው ማለት ነው። ገበሬዎቻችን ባቄላውን የትኛው ማሳ ላይ እንደሚዘሩ ሲመርጡ ይህን ያስቡበታል፣ ማንም ክፍል ውስጥ አላስተማራቸውም።

ስልክሽ ላይ «3 ዲግሪ» የሚል አይተሽ ይሆናል። ያ ቁጥር የሚነግርሽ ከመሬት ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስላለው አየር ነው። እዚያ 3 ሲሆን ሣሩ ላይ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። ነገ ሰማዩ ጠርቶ ካደረ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጋቢሽን ደርበሽ ውጪ። እኔ ግቢ ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል፣ ጠጋ ብለሽ ስታዪው እያንዳንዱ ቅጠል ጠርዙ ላይ ደቃቅ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ግን አንድ ክንድ የሚያህል አረንጓዴ መስመር አለ፣ ጽዱ ሥርም እንደዚሁ ክብ አረንጓዴ። ሰማዩን የጋረደላቸው ነገር ስላለ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ውርጩ የሚቀረው የአጥሩ ጥላ ያረፈበት ቦታ ላይ ብቻ ነው፣ ልክ የአጥሩን ቅርጽ ይዞ። ጥላው ሲሸሽ ነጩም አብሮት ይሸሻል። ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼዋለሁ፣ እስካሁን አልጠገብኩትም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ይህችን ከተማ ደብረ ብርሃን ያሏት በሰማይ ላይ በታየ ብርሃን ነው ይባላል፣ እና እዚህ እየኖሩ ቀና አለማለት ይከብደኛል።

ድንቹን አትንቀይው። ከሥሩ ካልተጎዳ ያቆጠቁጣል። ማታ ሳይመሽ ጆንያ ወይም አሮጌ ነጠላ አልብሺው፣ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ግለጪለት። ቀን ላይ አፈሩን ውሃ ማጠጣትም ይረዳል፣ እርጥብ አፈር ከደረቅ ይልቅ ሙቀት ይይዛል። ከሁሉ በላይ ግን እማማ ማታ በረንዳ ላይ ሲቆሙ አጠገባቸው ቁሚና ምን እንደሚያዩ ጠይቂያቸው። ነፋሱን ከየት እንደሚጠብቁ፣ የጎረቤት ጭስ ቀጥ ብሎ ሲወጣና ጣሪያ ለጣሪያ ሲተኛ ምን እንደሚሉ። ከዚያ የሰማሽውን በማግስቱ ጠዋት ጓሮሽ ላይ አመሳክሪው።

ጥያቄ፦ ሹፌር ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት እመላለሳለሁ። ጣርማበር ስደርስ ጉሙ አፍንጫዬን እንኳ አያሳየኝም፣ ትንሽ ወረድ ስል ግን ጭራሽ የለም። ምንድን ነው ነገሩ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ። ከቆላው የሚመጣው ሞቃትና እርጥብ አየር ገደሉ ሲገጥመው ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ የያዘው እንፋሎትም ደቃቅ የውሃ ጠብታ ይሆናል። አንተ ውስጡ ሆነህ ጉም ትለዋለህ፣ ከታች ደብረ ሲና የቆመ ሰው ቀና ሲል የሚያየው ደመና ነው። እዚያ ስትደርስ ረጅሙን መብራት አትጠቀም፣ ብርሃኑ ጠብታው ላይ ነጥሮ ወደ ዓይንህ ይመለሳል። አጭሩን አድርግና ቀስ በል፣ መንገዱ የሚያልፍበት ዋሻ አፍ ላይ የቆመ መኪና ሊኖር ይችላል።