የስኩተርዎን ባትሪ የት ይሙሉ?

አንድ ጠያቂ ባለ 36 ቮልት፣ ባለ 10 አምፒር ሰዓት ባትሪ ባለው የኤሌክትሪክ ስኩተር ከቤታቸው 14 ኪሎ ሜትር ወደሚርቀው የሥራ ቦታቸው እንደሚመላለሱ፣ ማታ ሲመለሱ ግን ባትሪው መንገድ ላይ እንደሚያልቅባቸው ጽፈውልኛል። የመኪና ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ቢሄዱ መሰኪያው አልገጠመላቸውም። የት መሙላት እንደሚችሉና የባልደረባቸውን ቻርጀር ቢዋሱ ጉዳት ይኖረው እንደሆነ ይጠይቃሉ።

የመኪናውን ጣቢያ ይተዉት። ፈጣኖቹ በብዙ መቶ ቮልት የሚቆጠር ቀጥተኛ ኃይል የሚልኩ ሲሆኑ፣ የእርስዎ ባትሪ ጢም ብሎ ሲሞላ እንኳ 42 ቮልት ብቻ ነው። ዝግ ያሉትም ቢሆኑ መኪናው በገመዱ በኩል ምልክት ካልሰጣቸው ኃይል አይለቁም። አንዳንድ ጣቢያ ላይ በጎን በኩል ተራ ሶኬት ስለሚኖር ዞር ብሎ ማየት አይከፋም፤ ከዚያ በላይ ግን አይድከሙ።

ስኩተርዎ የሚያስፈልገው ማንኛውም የግድግዳ ሶኬት ነው። ቻርጀሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ቢያዩ፣ ለዚህ ዓይነት ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ 42 ቮልት እና 2 አምፒር ይላል፤ ይህም 84 ዋት ማለት ነው። ባትሪዎ የሚይዘው 360 ዋት ሰዓት (36 ቮልት በ10 አምፒር ሰዓት ተባዝቶ) ሲሆን፣ በኪሎ ሜትር 15 ዋት ሰዓት ይፈጃል ብንል 24 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። የደርሶ መልስ መንገድዎ ግን 28 ነው፤ መንገድ ላይ የሚቀሩትም ለዚህ ነው። አንድ ሰዓት ሲሰካ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚያስገኝ፣ ሥራ ቦታ ሁለት ሰዓት ቢሰኩት ጉድለቱ ተሸፍኖ ትርፍ ይኖርዎታል።

ስለዚህ ፍለጋውን ስኩተሩ ቆሞ ከሚውልበት ቦታ ይጀምሩ፦ ቢሮ፣ የጥበቃ ክፍል፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ምሳ የሚበሉበት ቤት። ፈቃድ ሲጠይቁ ቁጥሩን ይናገሩ። ባዶ ባትሪ ሙሉ በሙሉ ቢሞላ ቆጣሪው ላይ ከግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት በታች እንደሚያስቆጥር የሰማ ባለቤት እምብዛም እምቢ አይልም፤ ሒሳቡን ልክፈል ማለትም ደግ ነው። ባትሪው የሚነቀል ከሆነ ደግሞ ስኩተሩን ውጭ ቆልፈው ባትሪውን ብቻ ይዘው ይግቡ።

ሶኬቱን ሳይመረምሩ አይሰኩ። መሰኪያውን ሲያስገቡ የሚላላ ሶኬት ይግላል፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ መሰኪያውን በእጅዎ ዳሰስ ያድርጉት። ቻርጀሩ ለብ ማለቱ የተለመደ ነው፤ መሰኪያው ከጋለ ግን ወዲያው ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፍተው ይንቀሉት። መውጫ በርና ደረጃ ሥር፣ መጋረጃና ወረቀት አጠገብ፣ ሰው በሌለበት ክፍልም አይሙሉ፤ የሊቲየም ባትሪ እሳት ከተነሳ መውጫ ያሳጣል። ከጉዞ እንደደረሱም ባትሪው እስኪቀዘቅዝ ግማሽ ሰዓት ያህል ይታገሱ።

የባልደረባዎን ቻርጀር በተመለከተ መልሴ፣ ቮልቱ ከእርስዎ ጋር አንድ ካልሆነ በፍጹም አይሞክሩት የሚል ነው። የ48 ቮልት ባትሪ ቻርጀር 54.6 ቮልት ያወጣል፤ ጫፉ ግን ከእርስዎ ጋር ልክክ ብሎ ሊገጥም ይችላል። እንዲህ ተሰክቶ የባትሪው መቆጣጠሪያ ሰሌዳ የተቃጠለበት ስኩተር ወደ እኔ መጥቶ ነበር፤ ባለቤቱ «ገጠመ እኮ!» እያለ ይከራከረኝ ነበር። ቮልቱ አንድ ሆኖ አምፒሩ ከእርስዎ ቻርጀር ያነሰ ከሆነ ግን ችግር የለውም፤ ብዙ ሰዓት ይፈጃል እንጂ።

አንድ ነገር ደግሞ ቤትዎ ሆነው ይሞክሩ። ባትሪው ባዶ ሆኖ ሲሰኩት አምስት ሰዓትና ከዚያም በላይ መፍጀት ሲገባው፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ ባትሪው አርጅቷል፤ ያኔ ሶኬት ከመፈለግ ይልቅ ባትሪውን ማስመርመር ይቀድማል።