ሦስተኛው ጥቅል ሲጨመር መብራቱ ለምን ቦግ እልም ይላል?

ጥያቄ፦ ሳሎኔ ጂፕሰም ውስጥ ሁለት ጥቅል ስትሪፕ ላይት (5050 የሚባለው የአምፖል ዓይነት፣ 12 ቮልት፣ እያንዳንዱ 5 ሜትር) ተቀጣጥለው 220ውን ወደ 12 ቮልት በሚቀይር ባለ 10 አምፔር ፓወር ሰፕላይ ይበሩ ነበር። ጫፉ ላይ ደብዘዝ ከማለት በቀር ችግር አልነበረም። ሦስተኛ ሳስጨምር ሁሉም ቦግ እልም ይላል። ፓወር ሰፕላዩ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም ባይ ነኝ። ጭነት ሲበዛበት ራሱን ያጠፋል፣ መልሶ ይሞክራል፣ ደግሞ ያጠፋል። ሦስተኛውን ንቀለው፤ ሌሎቹ ረግተው ከበሩ ነገሩ ይኸው ነው። የገጠመልህ ሰው አዲሱን ጥቅል በቀጥታ ከሰፕላዩ ሳያስነሳው አልቀረም።

በሜትር 60 አምፖል ያለው 5050 በሜትር 14.4 ዋት ይበላል። አንዱ ጥቅል 72 ዋት፣ ማለትም 6 አምፔር ነው። ሁለቱ ብቻ 144 ዋት ሲሆኑ ያንተ ሰፕላይ ግን 120 ነው፤ ሳይቃጠል ዘወትር የሚሸከመው ከዚያም 80 በመቶውን፣ 96 ዋት ነው። ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት ሠራ? ደብዝዞ ስለነበር!

ይህችን ልብ በል። ከ220 ላይ 2 ቮልት ቢጎድል ማንም አያውቅም፤ ከ12 ላይ 2 ሲጎድል ግን አንድ ስድስተኛው ሄደ። በዚያ ሁሉም ሰው በሚወደው 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የስፒከር ሽቦ 8 ሜትር ርቀት 6 አምፔር ሲሄድ፣ መሄጃና መመለሻው 16 ሜትር ስለሆነ 2.3 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። በ2.5 ሽቦ የሚቀረው 0.7 ብቻ ነው። የስትሪፑ የራሱ መዳብማ ከሁሉም የሳሳ ስለሆነ፣ ሁለት ጥቅል አስከትለህ ስትቀጥል የኋለኛው ቮልት ያንሰዋል፤ ሲያንሰው ደግሞ የሚስበው አምፔርም ይቀንሳል። ሰፕላይህን ያተረፈው ይኸው ጉድለት ነው። ስለዚህ ሽቦውን ብቻ ብታወፍር ይብስበታል።

ከመንካትህ በፊት ብሬከሩን አጥፋ። 12ቱ አይገድልም፤ እዚያው ጎኑ ያሉት የ220 ብሎኖች ግን ሽፋን የላቸውም።

ርካሹ መንገድ ሦስቱንም በሜትር 4.8 ዋት በሚበላው፣ 2835 በሚባለው የአምፖል ዓይነት መተካት ነው፤ ሦስቱ ተደምረው 72 ዋት ናቸው፣ ለጂፕሰም ውስጥ ብርሃን ይበቃሉ። 5050ውን ካልተውክ ለሁለቱ ባለ 15 አምፔር ሰፕላይ ግዛ፣ አሮጌው አንዱን ይያዝ። የሁለቱን ሰፕላይ ፕላስ አታገናኝ። ለየጥቅሉ የራሱን 2.5 ሽቦ ከሰፕላዩ አስነሳ፤ መግቢያው ላይ ስትለካ ከ11 ቮልት መውረድ የለበትም። ዲመር (ብርሃን መቀነሻ) መፍትሔ አይደለም፤ ቶሎ ቶሎ እያበራ እያጠፋ ነው የሚያደበዝዘው፣ በበራ ቁጥር ሙሉውን አምፔር ይስባል። ሰፕላዩ ላይ ያለችውን የቮልት ማስተካከያ ብሎን አዙረህ ቮልቱን ከፍ በማድረግ ጫፉን ለማድመቅ ከሞከርክም የቅርቦቹን ታቃጥላለህ።

መገጣጠሚያውን በካውያ በይደው። ያቺ የላስቲክ ክሊፕ በ6 አምፔር ትሞቅና ትላላለች፤ ናስትሮ ተጠቅልሎባት ከሆነ ደግሞ ሙጫው ይቀልጣል። ባለ 15 አምፔር ተብሎ እንደ ላባ የቀለለ ሰፕላይም አትግዛ።

አዲሱ ላይ የ110/220 መቀየሪያ ካለ 220 ላይ መሆኑን እይ፣ አረንጓዴ ቢጫውን ሽቦ ከመሬት ምልክቱ ላይ እሰር፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ እንጂ ጂፕሰም ውስጥ አትቅበረው። ብሬከሩን መልሰህ የምታበራው የ220ው ክዳን ከተገጠመ በኋላ ነው።