መልስ፦ የአየር ማርጠቢያ ማሽኑ ውሃ ይሞላል፣ እንፋሎት ግን አይሰጥም

ችግሩ ከማሽኑ ጋር ያገናኙት፣ በማጣሪያ ማዕድኑ የወጣለት ውሃ ነው። የቤት አየር ማርጠቢያዎ በኤሌክትሮድ (ውሃው ውስጥ በተነከሩ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ብረቶች) የሚሠራ ስለሆነ ውሃው የሚፈላው ኤሌክትሪኩ በራሱ በውሃው ውስጥ ሲያልፍ ነው። ማዕድኑ የወጣለት ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ጋኑ ሞልቶም አይፈላም።

1. መጀመሪያ ብሬከሩን ያጥፉ፤ ከዚያ ጋኑ ውስጥ ያለውን ውሃ ያፍስሱ።
2. የማሽኑን የውሃ መስመር ከማጣሪያው በፊት ካለው ቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧ ይቀጥሉት።
3. መልሰው ያብሩና ይታገሱ። ማዕድኑ በጋኑ ውስጥ እስኪጠራቀም ድረስ ሙሉ ኃይሉን ላይሰጥ ይችላል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ የእንፋሎቱ ቱቦ መሀሉ ላይ እንዳይረግብ። የእኔ ትንሽ ረግቦ ውሃ አቆረና እንፋሎቱን ዘጋው፤ ያወቅሁት ቱቦው ውስጥ ሲንቦጫረቅ ሰምቼ ነው። የሚጠራቀመው ጠብታ ወደ ማሽኑ እንዲመለስ ቱቦውን ከዳር እስከ ዳር አዘንብለው ደግፈው ይሰሩት።